ክላውንፊሽ ሲጣላ፦ ጥያቄና መልስ

ዛሬ ማታ በቤት ገንዳ ስለምናሳድገው ትንሽ የባሕር ዓሣ፣ ስለ ክላውንፊሽ ጠብ የምትጠይቁኝን እመልሳለሁ። ስትጠይቁ አራት ነገር ጻፉልኝ። ዝርያው ምንድን ነው፦ ኦሴላሪስ፣ ፐርኩላ፣ ማሩን ወይስ ቶሜቶ? ስንት ናቸው? ገንዳው ስንት ሊትር ወይም ጋሎን ይይዛል? አብረው ከገቡ ምን ያህል ጊዜ ሆናቸው? እነዚህ ከሌሉ የምሰጠው መልስ ግምት ነው የሚሆነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ጋሼ፣ ሁለት ኦሴላሪስ አሉኝ፣ 30 ጋሎን ገንዳ ውስጥ። ከገቡ ሦስት ሳምንት ሆናቸው። ትልቁ ትንሹን ያሯሩጠዋል። ትንሹ ደግሞ በጎኑ ዘንበል ብሎ ይንቀጠቀጣል። ታሞ ይሆን? ልለያቸው?

መልስ፦ አትለያቸው ወንድሜ። እየተስማሙ ነው። ክላውንፊሽ መጀመሪያ ሲጎለምስ ወንድ ነው። ሴት የሚሆነው የበላይነቱን የያዘው ብቻ ነው። አንዴ ሴት ከሆነች ወደ ወንድነት አትመለስም። ትልቋ የምታሯሩጠው አለቃ መሆኗን ለማሳወቅ ነው። ትንሹ ሲንቀጠቀጥ ደግሞ «እጄን ሰጥቻለሁ፣ አትንኪኝ» ማለቱ ነው። እኔ እንዲያውም የምሰጋው የማይንቀጠቀጥ ሲሆን ነው።

ይሄን በደንብ እንድትረዱልኝ እፈልጋለሁ። ባሕር ውስጥ አንድ አኒሞኒ ላይ (ድንጋይ ላይ ተጣብቆ የሚኖር፣ ክላውንፊሽ የሚጠለልበት ባለ ብዙ ጣት የባሕር እንስሳ ነው) አንድ ሴት፣ አንድ የሚራባ ወንድና ጥቂት ያልጎለመሱ ትናንሾች ይኖራሉ። ሴቷ ስትሞት ወንዱ ሴት ይሆናል። ከትናንሾቹ ትልቁ የወንዱን ቦታ ይወስዳል። ተመራማሪዎቹ ሃንስ ፍሪኬና ሲሞን ፍሪኬ ይህን እ.ኤ.አ. በ1977 ኔቸር መጽሔት ላይ አውጥተውታል። በ2003 ደግሞ ፒተር በስተን በፐርኩላ ላይ ያሳየው ለእኛ ለገንዳ ሰዎች የበለጠ ይጠቅማል። የበታቹ ከበላዩ ጋር በመጠን እንዳይስተካከል የራሱን ዕድገት ይገታል። ከተስተካከለ ጠብ ይመጣል፣ ይባረራል። ባሕር ላይ የተባረረ ቢያንስ መሸሽ ይችላል። ገንዳ ውስጥ የት ይሄዳል? እዚያው እየተነከሰ ይሞታል። ስለዚህ ዓሣ ስትገዙ ከቀለሙ በፊት መጠኑን እዩ።

የሚለዩት ክንፉ ከተቀደደ፣ ምግብ ከተከለከለ፣ ወይም ቀኑን ሙሉ ውሃው አናት ላይ ጥግ ይዞ ከቀረ ነው።

ከዱባይ፦ የኔ ዓሣ በጣም ኃይለኛ ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የትኛው ዓሣ? ስንት ሊትር? ከላይ የጠየቅኳቸውን አራት ነገሮች ጽፈሽ ተመለሽ እህቴ።

ከነታንያ፦ ሁለት ፐርኩላ፣ 120 ሊትር። ከተለያየ ሱቅ ነው የገዛኋቸው። ሁለቱም ወደ 7 ሳንቲ ሜትር ናቸው። ከትናንት ጀምሮ አፍ ለአፍ ተያይዘው ይታገላሉ። ማንም አይንቀጠቀጥም።

መልስ፦ አሁኑኑ ለያቸው። በዚህ መጠን ሁለቱም ሴት ሆነው ሊሆን ይችላል። ሁለት ሴቶች ደግሞ አይታረቁም። ድንጋይ ብታዘዋውር፣ መብራት ብታጠፋ ለአንድ ቀን ነው። አንዷን ለሱቁ መልስና በምትኳ በጣም ትንሽ፣ ግማሿን የማያክል ልጅ ዓሣ አምጣ። መጀመሪያ ቀዳዳ ባለው ፕላስቲክ ሣጥን አድርገህ እዚያው ገንዳ ውስጥ አንጠልጥለው። አንድ ሳምንት ያህል በመስኮት እንደሚተያዩ ጎረቤቶች ይቆዩ። ትልቋ ሣጥኑን መምታት ስትተውና ትንሹ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ልቀቀው። የምትለቀው ቀኑን ሙሉ ቤት በምትውልበት ቀን ይሁን።

ከዳላስ፦ ጋሼ፣ ሦስት ብናደርጋቸው ጠቡ አይከፋፈልም?

መልስ፦ አይከፋፈልም። ሁለቱ ይጣመራሉ፣ ሦስተኛውን ይገድሉታል። ሦስተኛ አትጨምሩ።

ከአዲስ አበባ፦ ጋሼ፣ ከዚህ ትንሽ ብወጣ ይቅርታ። የአፋር ጨው ሟሙቶ ለገንዳ ይሆናል? መብራት ሲጠፋስ ምን ይሻላል?

መልስ፦ አይሆንም። የምንበላው ጨው በአብዛኛው ሶዲየም ክሎራይድ ነው። ባሕር ውሃ ውስጥ ማግኒዥየም፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየምና ሌላም ብዙ አለ። ለገንዳ ተብሎ የተዘጋጀ የባሕር ጨው ያስፈልግሃል። ለመብራቱ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ያዝ። ቀድሞ የሚያልቀው ኦክስጅኑ ነው። አሁን ወደ ጠቡ እንመለስ።

ከአትላንታ፦ ኃይለኛ ዓሣ ያላችሁ አኒሞኒ ግዙ። ቤት ሲያገኙ ይረጋጋሉ። የኔ በዚያው ነው የቀዘቀዘችው።

ከስቶክሆልም፦ የኔ የተገላቢጦሽ ነው። አኒሞኒ ከገባ ወዲህ ግማሹን ገንዳ የራሷ አደረገችው። ሌላ ዓሣ ዝር አይልም።

ከአትላንታ፦ የገንዳህ ጥበት ይሆናላ።

ከስቶክሆልም፦ 400 ሊትር ጠባብ ነው?

መልስ፦ ተው እናንተ። ስቶክሆልም ያለው ትክክል ነው። አኒሞኒ የሚጠበቅ ንብረት ነው። ንብረት ሲኖራት ጥበቃው ይበረታል። በእርባታ የተወለደ ክላውንፊሽ አኒሞኒ ሳያይ ዕድሜውን በጤና ይኖራል። አኒሞኒው ራሱ ደግሞ ጠንካራ ብርሃንና ወራት የቆየ የተረጋጋ ውሃ ይፈልጋል። ዓሣ ለማረጋጋት ብላችሁ አትግዙ።

ከኤላት፦ እዚህ ስንጠልቅ የቀይ ባሕሩ ባለ ሁለት መስመር ክላውንፊሽ እስከ መነጽራችን ድረስ ይመጣብናል። አንድ ጥንድ ከባሕር አምጥቶ ማሳደግስ?

ከቶሮንቶ፦ እኔ ምጽዋ ነው ያደግሁት። ያው ዓሣ እኛም ጋ ሞልቷል። ሁለት ቢወሰድ ምን ይጎድላል?

ከኤላት፦ ሁሉም ሁለት ሁለት ቢወስድስ?

መልስ፦ አታውጡ። እናቲቱን ስትወስዱ የዚያን አኒሞኒ ቤተሰብ በሙሉ ነው የምታፈርሱት። ቀሪው ወንድ ሴት እስኪሆን እንቁላል የለም። በእርባታ የተወለደ በየሱቁ እያለ ይሄ ለምን ያስፈልጋል? የኤላት ሪፍ፣ ማለት የባሕሩ የኮራል ክምችት፣ ደግሞ የተጠበቀ ነው።

ከለንደን፦ የኔ ማሩን ናት። 280 ሊትር፣ ከትንሽ ወንዷ ጋር ሁለት ዓመት ሆናቸው። ሰላም ነበሩ። ከሰሞኑ መስታወት ልጠርግ እጄን ስከት ነክሳ አደማችኝ።

መልስ፦ አራቱንም ጽፈሃል፣ ተባረክ። ድንጋዩን ከአኒሞኒው ሥር በባትሪ እይ። ብርቱካንማ ትናንሽ እንቁላሎች ተደርድረው ታገኛለህ ብዬ እገምታለሁ። ወንዱ በክንፉ እያራገበ አየር ይሰጣቸዋል፣ በአፉ ያጸዳቸዋል። ሴቷ ዘብ ትቆማለች። ከስድስት እስከ አሥር ቀን ውስጥ መብራት ከጠፋ በኋላ ይፈለፈላሉ። ብዙም ሳይቆዩ እንደገና ይጥላሉ። ስለዚህ ልመዳት። በክላውንፊሽ ውስጥ ከማሩን የሚብስ ቁጡ የለም።

መስታወቱን ረጅም እጀታ ባለው መጥረጊያ ወይም በማግኔት ጥረግ። እጅህን ማስገባት ግድ ከሆነ የፓስታ ማጥለያ ፕላስቲክ ደፍተህ ለጊዜው ከሥሩ አቆያት። እስከ ክንድ የሚደርስ ጓንት አድርግ። ይሄ ለንክሻው ብቻ አይደለም። በዓሣ ውሃ ውስጥ የሚኖር ማይኮባክቴሪየም የሚባል ባክቴሪያ በቁስል ይገባል። ከሳምንታት በኋላ እጅህ ላይ የማይድን እብጠት ካየህ ሐኪሙን «ዓሣ አሳድጋለሁ» በለው። ካልነገርከው ላይጠረጥረው ይችላል።

ከዱባይ፦ ተመለስኩ ጋሼ። አንድ ቶሜቶ ክላውንፊሽ፣ 75 ሊትር፣ ስድስት ወር። ብቻዋን ናት። መስታወቱን ነው የምትመታው።

መልስ፦ የራሷን ምስል ነው የምታየው። በዚያ በኩል ከውጭ ጥቁር ወረቀት ለጥፊበት። ቶሜቶ ትልቅ ስለምትሆን ገንዳውም ይጠባታል።

ከሚኒሶታ፦ ሦስት ኦሴላሪስ ትንንሽ ሆነው አብረው ቢገቡስ?

መልስ፦ ዳላስ ለጠየቀው የመለስኩትን አንብብ። አሁን ትንንሽ ስለሆኑ ነው የተስማሙ የሚመስሉት። ሁለቱ ሲጎለምሱ ሦስተኛው ያልቃል። ሦስተኛ አትጨምሩ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፣ ጋሼ። ሌላ ዝርያ ዓሣ ልጨምር አስቤ ነበር። ጥንዶቹ ያስገቡታል?

መልስ፦ ክላውንፊሹን መጨረሻ ላይ ብታስገባ ይሻል ነበር። አሁን ስላለፈ አዲሱን ቢያንስ አራት ሳምንት ለብቻው ገንዳ አቆየው፣ በሽታ እንዳያመጣ። ከዚያ በዚያችው ባለ ቀዳዳ ሣጥን አለማምዳቸው። በምትለቀው ዕለት ድንጋዮቹን አዘዋውር፣ የማን ሰፈር እንደሆነ ይጥፋባቸው። ጥንዶቹን በአንድ ጥግ እየመገብክ አዲሱን በሌላው ጥግ ልቀቀው። መብራቱንም ቀንስ። ዳምዝል ግን እንዳታመጣ፣ እሱም ያው የእነሱ ዘመድ ነው፣ ቁጡ ነው።