ፖቱን ሲነኩት የሚጮህ ማጉያ

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ሰላም ነዎት? ለክራሬ የሚሆን ትንሽ ማጉያ ራሴ ሠራሁ። ፒዬዞ ፒክአፕ (ንዝረትን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው)፣ አንድ ቲኤል072 የማጉያ አይሲና ሁለት ባለ 9 ቮልት ባትሪ ነው። ለጌይን (ስንት ጊዜ እንደሚያጎላ) ማስተካከያ 100 ኪሎ ኦም ፖት፣ ማለትም ሲዞር ኦሙ የሚለወጥ ሬዚስተር፣ ከአይሲው መውጫ ወደ መቀነሻ (−) እግሩ አስሬያለሁ። ከመቀነሻ እግሩ ወደ ግራውንድ 1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አለ። ይሠራል፤ ግን ፖቱን ሳዞረው ዘይት ውስጥ እንደገባ ሽንኩርት ይንጫጫል። ገና ትንሽ ስነካው ድምፁ ዘሎ ይወጣል፤ ከዚያ ወዲያ እስከ ጫፍ ባዞረውም ብዙ አይጨምርም። ባለፈው ደግሞ እያዞርኩት ‹ጓ!› ብሎ ስፒከሬን ሊጨርሰው ነበር። ፖቱን ሁለቴ ቀይሬዋለሁ። ምን ይሻላል?»

መልስ፦ ሦስተኛ ፖት እንዳትገዛ። ችግሩ ያለው ፖቱ የተቀመጠበት ቦታ ላይ ነው።

ከ‹ጓ›ው ልጀምር፣ ስፒከር የሚገድለው እሱ ስለሆነ። አንተ በሠራኸው ዓይነት ማጉያ፣ ሲግናሉ በመደመሪያው (+) እግር ሲገባ ማለቴ ነው፣ ጌይኑ እንዲህ ይሰላል፦ ከመውጫው የሚመለሰውን ሬዚስተር ለግራውንዱ ሬዚስተር ታካፍላለህ፣ 1 ትደምራለህ። ያንተ 100 ሲካፈል ለ1፣ ሲደመር 1፣ 101 መሆኑ ነው። መመለሻው ሬዚስተር የአይሲው ልጓም ነው። ልጓሙ ከተፈታ ቲኤል072 በራሱ ሁለት መቶ ሺህ ጊዜ ያህል ያጎላል።

አሁን ፖቱን አስበው። ከመሃለኛው እግር ጋር የተያያዘው ብረት ካርቦን ላይ እየተንሸራተተ ነው የሚሄደው። አቧራ ላይ ሲወጣ ለቅጽበት ይለቃል። ያንተ ፖት ልጓሙ ላይ ስለተቀመጠ፣ በለቀቀ ቁጥር መውጫው ወደ ባትሪው ጫፍ ይሮጣል። ‹ጓ› ያለህ ያ ነው። አዲስ ፖት ብትገዛም ከጊዜ በኋላ አቧራ መብላቱ አይቀርም። ስለዚህ ፖቱን፣ ሲለቅ ድምፁ የሚቀንስበት ቦታ ላይ እናስቀምጠው።

መመለሻውን ቋሚ አድርገው፤ 47 ኪሎ ኦም ይበቃል። ፖቱን ወደ ግራውንድ ወገን አምጣው። ከመቀነሻው እግር 2.2 ኪሎ ኦም ሬዚስተር፣ ቀጥሎ 50 ኪሎ ኦም ፖት፣ ቀጥሎ 10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር፣ ከዚያ ግራውንድ። ፖቱ ሲለቅ ጌይኑ ወደ 1 ይወርዳል፤ ድምፁ ለቅጽበት ይደክማል እንጂ አይጮህም። ሥራ ፈቶ የቀረውን የፖቱን እግር ደግሞ ከመሃለኛው ጋር በየደው። ያኔ መሃለኛው ቢለቅ እንኳ ሙሉው 50 ኪሎ ኦም መንገዱን ይይዝልሃል። ይቺን ትንሽ ሽቦ ስንቱ ሰው እንደሚረሳት ብነግርህ አታምነኝም።

«የድሮው እኮ 101 ነበር፣ የአሁኑ ስንት ነው?» ትለኝ ይሆናል። ትንሹ 1.9፣ ትልቁ 22 ገደማ ነው። ደግሞም 101 አያስፈልግህም። ክራር ላይ የተለጠፈ ፒዬዞ ጠንከር አድርገህ ስትመታው በመቶዎች የሚቆጠር ሚሊቮልት ይሰጣል። በሁለቱ ባትሪዎችህ አይሲው ማውጣት የሚችለው ከዜሮ በላይም በታችም 7.5 ቮልት አካባቢ ነው። 300 ሚሊቮልት በ101 ብታበዛው 30 ቮልት ይመጣል። ከየት ይምጣ? ጫፉ ይቆረጣል፣ ድምፁ ይሰነጠቃል። በ22 ግን 6.6 ቮልት ነው፣ ይገባል። ጌይን የምትመርጠው ከሚገባው ሲግናል ተነስተህ ነው፤ ብዙ ሰው ግን «ትርፍ አይጎዳም» ብሎ ይጀምራል።

አሁን ወደ መዝለሉ። ጆሯችን ጭማሪን የሚቆጥረው በእጥፍ በእጥፍ ነው። ያንተ ፖት ሊኒየር (ኦሙ ከመዞሩ ጋር እኩል የሚጨምር) ነበር መሰለኝ። የመዞሪያውን አንድ አሥረኛ ስትነካ ጌይኑ ከ1 ወደ 11 ሄደ፤ ይህ በድምፅ መለኪያው 21 ዴሲቤል ነው። የቀረው ዘጠኝ አሥረኛ የጨመረልህ 19 ብቻ ነው። በአዲሱ ቦታ ሊኒየር ብታስቀምጥ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፦ እስከ መሃል ድረስ ከ1.9 ወደ 2.7፣ ከመሃል እስከ ጫፍ ከ2.7 ወደ 22። ሁለቱም አይሆንም። እዚህ ቦታ የሚያስፈልግህ የተገለበጠ ሎግ ነው፣ መጀመሪያ ላይ ኦሙ በፍጥነት፣ ወደ ጫፉ በቀስታ የሚለወጥ (ሎግ የሚባለው የዚህ ተቃራኒ ነው)፤ መሃል ላይ 6 ወይም 7 ይሰጥሃል፣ ልክ ጆሮህ የሚፈልገውን።

ፖቱ ላይ ፊደል አለ። በተለምዶ የእስያ ዕቃ ላይ ኤ ሎግ፣ ቢ ሊኒየር፣ ሲ የተገለበጠ ሎግ ነው። አንዳንድ የድሮ የአውሮፓ ዕቃ ላይ ግን ኤ ማለት ሊኒየር ነውና ፊደሉን አትመን፣ በመልቲሜትር ለካው። ዘንጉን ወደ አንተ፣ እግሮቹን ወደ ታች አድርገህ መሃል ላይ አቁመው። ከግራው እግር እስከ መሃለኛው ያለው የጠቅላላው ግማሽ ከሆነ ሊኒየር ነው። ከ10 እስከ 15 በመቶ ከሆነ ሎግ፣ ከ85 እስከ 90 ከሆነ የተገለበጠ ሎግ። ሲ ካገኘህ መሃለኛውንና የቀኙን እግር ተጠቀም። መርካቶን ዞረህ ካጣህ ደግሞ ኤ ግዛና መሃለኛውንና የግራውን እሰር፤ ድምፁ ወደ ግራ ስታዞር ይጨምራል። ትንሽ ያስቃል፣ ግን በሳምንት ትለምደዋለህ።

ጫጫታውስ? አንዱ ምክንያት አቧራ ነው። ሌላው ግን ቀጥተኛ ቮልቴጅ (ዲሲ) ነው፤ አንተ ጋ ዋነኛው ይሄ ይመስለኛል፣ ፖቱ አዲስ ሆኖም ጮኋላ። ቲኤል072 መግቢያው ላይ 3 ሚሊቮልት ያህል ስህተት አለው። 101 ጊዜ ሲጎላ 0.3 ቮልት ይሆናል። ፖቱን ባዞርክ ቁጥር ያ ቮልቴጅ ወዲያና ወዲህ ይዘላል፣ ስፒከሩም ያንን ያሰማል። ሳትፈታው ማረጋገጥ ትችላለህ፦ ክራሩን ንቀል፣ መልቲሜትሩን በዲሲ መውጫው ላይ አድርግ፣ ፖቱን ቀስ ብለህ አዙር። ቁጥሩ ከፖቱ ጋር ከሄደ ጥፋተኛው ተገኘ። 10 ማይክሮፋራዱን የጨመርኩልህ ለዚህ ነው። ለዲሲ መንገዱን ስለሚዘጋው፣ ፖቱ የትም ይሁን የዲሲው ጌይን 1 ነው። ባሱን እንዳይበላብህ አትስጋ፤ ከ2.2 ኪሎ ኦም ጋር የሚቆርጠው ከ7 ኸርዝ አካባቢ በታች ያለውን ነው። አንድ ቀን ወደ አንድ ባትሪ ብትቀይረው ግን የካፓሲተሩን መደመሪያ ወደ አይሲው ወገን አዙር።

አይሲውን አትቀይር። «ኤንኢ5532 ይሻላል» የሚልህ አይጠፋም፤ ጥሩ አይሲ ነው፣ ግን ለፒዬዞ አይሆንም። ፒዬዞ መግቢያው ላይ 1 ሜጋ ኦም ወደ ግራውንድ ይፈልጋል (ካላደረግህ አድርግ)። 5532 በመግቢያው 200 ናኖአምፔር ያህል ይስባል፤ በ1 ሜጋ ኦም ላይ 0.2 ቮልት መጣብህ ማለት ነው። ኤልኤም358 ደግሞ በከፍተኛ ጌይን ቀጭኑን ድምፅ ይበላዋል።

ስትበይድ 2.2 ኪሎ ኦሙን ከአይሲው እግር ሥር አስጠጋው፤ ወደ ፖቱ የሚሄደው ረጅም ሽቦ ከእሱ ወዲያ ይሁን። መቀነሻው እግር ላይ የተንጠለጠለ ሽቦ አንቴና ነው። ከ47 ኪሎ ኦሙ ጎን ለጎን 47 ፒኮፋራድ ካፓሲተር ጨምርበት፣ አይሲው በማይሰማ ድምፅ እንዳያፏጭ። የፖቱን የብረት ቅርፊትም ከግራውንድ ጋር አገናኘው፤ አለዚያ ጣትህ ሲነካው እምምም ይላል።

ስትጨርስ ስፒከሩን ወዲያው አትሰካ። መጀመሪያ መውጫውን በዲሲ ለካ፤ ፖቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ስታዞር ከዜሮ በጥቂት ሚሊቮልት ብቻ ርቆ መቆም አለበት። ቁጥሩ ከፖቱ ጋር ወደ አሥሮች ሚሊቮልት ከወጣ ካፓሲተሩ ሾርት አድርጓል፤ ቮልት ካሳየህ ደግሞ 1 ሜጋ ኦሙ አልተያዘ ይሆናል።