የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ክፍል ከማደሳችን በፊት የትኛው የቤት ዲዛይን ፕሮግራም?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልን። ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም አለን። በኩሽናውና በሳሎኑ መካከል ያለውን ግድግዳ አንስተን ለማደስ አስበናል። ላፕቶፓችን የቆየ ነው፤ ኢንተርኔቱም ይቆራረጣል። ከቤተሰባችን ፕላን መሳል የተማረ የለም። ለእኛ የሚሆነው ፕሮግራም የትኛው ነው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ስዊት ሆም ስሪዲ። ነፃ ነው፤ አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት አይጠይቅም፤ በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ ይሠራል። ነፃው ስኬችአፕ ጥሩ መሣሪያ ቢሆንም በብራውዘር ውስጥ ስለሚሠራ መስመር ሲቋረጥ ሥራችሁም ይቆማል። ፕላነር ፋይቭዲ በስልክ ለመጀመር ይቀላል፤ ነገር ግን ከዕቃ ማውጫው ብዙው ካልተከፈለበት አይከፈትም። ኦቶካድ የባለሙያ መሣሪያ ነው፤ ለአንድ ክፍል ሲባል እሱን መማር ጊዜ መፍጀት ይሆናል።

የምስሉ ውበት አያታልላችሁ። አንድ ፕሮግራም ለእድሳት የሚጠቅመው የግድግዳን ርዝመትና ውፍረት በቁጥር ሲቀበል፣ የዕቃን ልክ ሲያስቀይርና ፕላኑን በስኬል፣ ማለትም ሁሉንም ልክ እኩል አሳንሶ ሲያትም ነው። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ግንበኛው እጅ የሚገባው ወረቀት ጌጥ ብቻ ነው።

ላፕቶፑን ከመክፈታችሁ በፊት ሜትር ያዙ። እያንዳንዱን ግድግዳ ወለሉ አጠገብ፣ አንድ ሜትር ከፍታ ላይና ኮርኒሱ ሥር ለኩ፤ የተለሰነ ብሎኬት ሦስቱም ቦታ ላይ እኩል የሚመጣው ከስንት አንዴ ነው። ቀጥሎ ክፍሉን ከማዕዘን እስከ ማዕዘን በሁለቱም ሰያፍ ለኩ። 4 በ3 ሜትር የሆነ ክፍል ማዕዘኑ ትክክል ከሆነ ሰያፉ 5 ሜትር ይመጣል፤ ሁለቱ ሰያፎች ከተበላለጡ ክፍሉ ተጣሟል። የመስኮቱን ስፋት፣ ቁመት፣ ከወለል ያለውን ከፍታና ከማዕዘን ያለውን ርቀት መዝግቡ። ሶኬት፣ የውሃ መስመርና የፍሳሽ ቱቦም እንዲሁ ከማዕዘንና ከወለል ይለካሉ። በተለይ ፍሳሹን አትዝለሉት። ፍሳሽ ተዳፋት ይፈልጋል፤ ዕቃ ማጠቢያው ከቱቦው በራቀ ቁጥር ወለል መቆፈር ወይም ከፍ ማድረግ ይመጣል። የኩሽና እድሳት በጀት አብዛኛውን ጊዜ የሚናጋው እዚህ ላይ ነው።

ፕሮግራሙ ላይ መጀመሪያ መለኪያውን ሳንቲ ሜትር አድርጉ። የድሮው ፕላን ካላችሁ ፎቶውን ከሥር አስገቡትና ስኬሉን ሲጠይቃችሁ ርዝመቱን በምታውቁት ግድግዳ ላይ መስመሩን ዘርግታችሁ ቁጥሩን ጻፉ። ለዚህ ረጅሙን ግድግዳ ምረጡ። 80 ሳንቲ ሜትር በሆነ በር ላይ በ1 ሳንቲ ሜትር ብትስቱ በ8 ሜትሩ ቤት ላይ ስህተቱ 10 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል።

ግድግዳ ስትስሉ በማውሱ አትገምቱ። መስመሩን ከጀመራችሁ በኋላ ኢንተርን ስትጫኑ ርዝመት፣ አንግልና ውፍረት የምትጽፉበት ቦታ ይመጣል። ፕሮግራሙ በራሱ የሚሰጠው ውፍረት ለእኛ አገር ግድግዳ ቀጭን ነው። ባለ 15 ብሎኬት በሁለቱም ጎን 2 ሳንቲ ሜትር ልስን ሲጨመርበት 19 ይሆናል፤ ባለ 20 ደግሞ 24። በር የሚገባበት ቦታ ላይ ለክታችሁ አረጋግጡ። ክፍላችሁ የተጣመመ ከሆነ መስመሩን በየ15 ዲግሪው የሚስበውን ማግኔቲዝም አጥፉት፤ አለበለዚያ ጠማማውን ክፍል ቀጥ አድርጎ ይስልላችኋል። ፕሮግራሙ ከሳላችሁት ክፍል የሚያወጣው ፎቶ አራት የጥራት ደረጃ አለው፤ በቆየ ላፕቶፕ ዝቅተኞቹ ሁለቱ ይበቃሉ።

ስለምታነሱት ግድግዳ አደራ እንላለን። ፕሮግራሙ ማንኛውንም ግድግዳ በአንድ ቁልፍ ያጠፋል፤ ኮለኑና ቢሙ (ሕንፃውን የተሸከሙት ቋሚና አግድም ምሰሶዎች) የት እንዳለ፣ ምን እንደተሸከመ ግን አያውቅም። ኮለኖቹን ራሳችሁ በሌላ ቀለም ሳሏቸው። መሐንዲስ በአካል ሳያየውና ከሚመለከተው ክፍል ፈቃድ ሳይወጣ መዶሻ አይነሣ፤ ከላያችሁም ከሥራችሁም ሰው ይኖራል።

ሲያልቅ በ1፡50 አትሙት። 10 በ8 ሜትር የሆነ ቤት ወረቀት ላይ 20 በ16 ሳንቲ ሜትር ስለሚሆን ኤ4 ላይ ይገባል። ኩሽናውን ለብቻው በ1፡20 አውጡት። ማተሚያ ቤት ስትሄዱ «ገጹን ሙላ» የሚለው ተነሥቶ መቶ በመቶ ይታተም በሉ፤ በ1፡50 አንድ ሜትር ወረቀቱ ላይ ልክ 2 ሳንቲ ሜትር መሆኑን በማስመሪያ አረጋግጡ። በቴሌግራም ስትልኩም በፎቶ ሳይሆን በፋይል ይሁን፤ ፎቶው ሲጨመቅ ቁጥሮቹ ይደበዝዛሉ።

ጥያቄ፦ ፕሮግራሙ ላይ ልክክ ብሎ የገባው የኩሽና ካቢኔት ተሠርቶ ሲመጣ አልገባም አለ። ጥፋቱ የፕሮግራሙ ነው ወይስ የአናጢው? (ከአዳማ)

መልስ፦ ልኩ የተወሰደው ሴራሚክ ከመለጠፉ በፊት ከሆነ የሁለቱም ላይሆን ይችላል። በሲሚንቶ የሚለጠፍ የግድግዳ ሴራሚክ ከነማያያዣው 3 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይወስዳል። በሁለት ግድግዳዎች መካከል 246 ሳንቲ ሜትር የነበረው ቦታ 240 ይቀራል፤ በ245 የታዘዘ ካቢኔት ታዲያ በየት ይግባ? ካቢኔት የሚታዘዘው ሴራሚኩ ካለቀ በኋላ እንደገና ተለክቶ፣ ወለሉ አጠገብ፣ አንድ ሜትር ላይና ከላይ ከተወሰዱት ሦስት ልኮች አነስተኛው ተይዞ ነው።

ሌላው ምክንያት የዕቃ ማውጫው ነው። ማውጫው ውስጥ ያለው ፍሪጅና ምድጃ የእርስዎ አይደለም፤ የራስዎን ለክተው ቁጥሩን ይቀይሩ። «መጠኑ ተመጣጣኝ ይሁን» የሚለው ምልክት ከተደረገበት ስፋቱን ሲቀይሩ ቁመቱም አብሮ ስለሚቀየር አስቀድመው ያንሡት። ለታችኛው ካቢኔት 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀትና ከ85 እስከ 90 ከፍታ፣ ለመተላለፊያ ቢያንስ 90 ይያዙ። ከግድግዳ ጋር የሚነካካ የካቢኔት በር ሙሉ በሙሉ እንዲከፈት ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር መሙያ ጣውላ ያስፈልገዋል፤ ፕሮግራሙ ይህን አያስታውስዎትም።

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ጎንደር ያለውን የእናቴን ቤት ሳሎን ከዚህ ሆኜ ማቀድ እፈልጋለሁ። እዚያ ያለው ወንድሜ በስልክ ልክ ቢልክልኝ ይበቃል?

መልስ፦ ይበቃል፤ ነገር ግን ሥርዓት አብጁለት። በሩ ላይ ቆሞ በስተግራ ካለው ግድግዳ ጀምሮ ዙሪያውን ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ይበላቸው። ለእያንዳንዱ ልክ ሜትሩ የተዘረጋበትን ፎቶ ይላክ፤ 237 እና 273 በስልክ በቀላሉ ይምታታሉ። ሌዘር ያለው አይፎን ከተገኘ፣ ማለትም ከ12 ፕሮ ጀምሮ ያሉት ፕሮ ስልኮች፣ ክፍሉን ስካን ማድረግ ይቻላል። የስካኑ ልክ ለአጠቃላይ ቅርጽ ጥሩ ነው፤ ካቢኔትና ቁም ሳጥን ግን በእሱ አይታዘዝም።

ፕሮግራምዎ በፉትና ኢንች ተከፍቶ ከሆነ ወደ ሳንቲ ሜትር ይመልሱት። 24 ኢንች 60.96 ሳንቲ ሜትር ነው፤ አገር ቤት የሚሸጠው ሴራሚክ 60 ስለሆነ በአሥር ሴራሚክ ላይ ወደ 10 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ይፈጠራል። የቤት ዕቃ ሻጩ የኢኬአ ፕላነርም የራሱን ዕቃ ብቻ ስለሚደረድር ለጎንደሩ ሳሎን አይሆንም። ደግሞ «መስኮት ወደ ደቡብ ይሁን» የሚለውን የአሜሪካ ምክር እንዳለ አይውሰዱት። ጎንደር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ስለሆነ የሰኔ የቀትር ፀሐይ የምትመጣው ከሰሜን በኩል ነው፤ በታኅሣሥ ደግሞ ከደቡብ። ስዊት ሆም ስሪዲ ላይ ኮምፓሱን ከፍተው ቦታውንና የሰሜኑን አቅጣጫ ቢያስተካክሉ ብርሃኑ በየወሩ ከየት እንደሚገባ በፎቶው ያያሉ።

ጥያቄ፦ ፕሮግራሙ የክፍሉን ካሬ ሜትር ይነግረኛል። በዚያው ልክ 10 በመቶ ጨምሬ ሴራሚክ ብገዛ ይበቃኛል? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ሁልጊዜ አይበቃም። 4.30 በ3.70 የሆነ ክፍል 15.91 ካሬ ነው። 60 በ60 የሆነ አንዱ ሴራሚክ 0.36 ካሬ ስለሚሸፍን 45 ፍሬ ይመስላል፤ 10 በመቶ ሲጨመር 49። አነጣጠፉን ግን ይሳሉት። ከአንድ ጥግ ከተጀመረ በሌላው ጫፍ 10 ሳንቲ ሜትር ቁራጭ ይቀራል፤ ከአንድ ሴራሚክ ብዙ ቁራጭ ስለሚወጣ 49ኙ ይበቃል፤ ቀጭኗ ጠርዝ ግን ዓይን ታስቀይማለች። መሃል ተይዞ በአራቱም ጎን 35 ሳንቲ ሜትር ቁራጭ ከተደረገ ያምራል፤ ነገር ግን ከአንድ ሴራሚክ ሁለት ባለ 35 ስለማይወጣ እያንዳንዱ ቁራጭ አንድ ሙሉ ይበላል። ስምንት በሰባት፣ 56 ፍሬ፣ ከመሰበሩ ሌላ። ሱቅ ከመሄድዎ በፊት ከአንጣፊው ጋር በአነጣጠፉ ይስማሙ፤ በኋላ የሚጨመር ካርቶን ከሌላ ምርት ዙር ሊመጣና ቀለሙ ሊለይ ይችላል።

ጥያቄ፦ የክፍሌን ፎቶ አንሥቼ ስሰጠው አሳምሮ የሚመልስልኝ የኤአይ መተግበሪያ አለኝ። ፕሮግራም መማሩ ይቅርብኝ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ለቀለምና ለመጋረጃ ምርጫ ይጠቀሙበት። መስኮት ሊያሰፋ፣ ኮለን ሊያጠፋ፣ በር ሊያዛውር ስለሚችልና ልክ ስለማይሰጥ ለግንበኛና ለአናጢ አያሳዩት። የወደዱትን ቀለም ይዘው ክፍሉን በቁጥር ይሳሉት።