ሹፌሩ 4 ሺህ ብር ሰጥቶ አስፈረመኝ፣ ክንዴ ግን ተሰብሮ ነበር፤ አሁን መጠየቅ እችላለሁ?

ሰላም ወንድሜ፣ እንኳን እግዚአብሔር አተረፈህ። ደብዳቤህ ረዘም ስለሚል ለሌሎች አንባቢዎች አሳጥሬ ላስቀምጠው። ጠያቂያችን የሚኖረው ባህር ዳር አባይ ማዶ ነው፣ ስራው መሃል ከተማ ስለሆነ በየቀኑ በብስክሌት ነው የሚመላለሰው። ሁለት ወር ሊሆነው ነው፣ አመሻሽ ላይ ወደ ቤት ሲመለስ አንድ ፒካፕ ከኋላው ክላክስ እያደረገ መጥቶ ሲያልፈው በስፖኪዮው የብስክሌቱን መሪ መታውና አስፋልቱ ላይ በክንዱ ወደቀ። ሹፌሩ ቆመ (ይሄ እንኳን ጥሩ ነው፣ ስንቱ ጥሎ ይሄዳል)፣ ግን መጀመሪያ ከአፉ የወጣው "ብስክሌት አስፋልት ላይ ምን ይሰራል፣ ታርጋ የለህ መንጃ ፈቃድ የለህ" የሚል ነው። ሰው ተሰበሰበ፣ እናስታርቅ ያሉ ሰዎች ገቡ፣ 4 ሺህ ብር ተቀብሎ "ከእንግዲህ በዚህ ጉዳይ አልጠይቅም" የሚል ወረቀት ላይ ፈረመ። ትራፊክ አልተጠራም። በነጋታው እጁ አብጦ ሆስፒታል ሲሄድ ራጁ ስብራት አሳየ፣ ጀሶ ታሰረለት፣ ከስራ ቀረ። ሹፌሩ ጋ ሲደውል "ፈርመሃል እኮ" ብሎ ዘጋበት፣ መኪናው ደግሞ የአሰሪው ነው። በሐቅ ጨምሮ የጻፈልኝ ነገር አለ፣ ብስክሌቱ የኋላ መብራት አልነበረውም፣ አንድ ጆሮው ላይም ኢርፎን ነበር፣ ክላክሱን ግን ሰምቷል።

በመጀመሪያ ስለ ታርጋው። ታርጋና መንጃ ፈቃድ የሚጠየቀው ሞተር ላለው ተሽከርካሪ ነው፣ ብስክሌት ታርጋ ስለሌለው መብት የለውም የሚባል ሕግ የለም። እንደውም የትራፊክ ደንቡ ለብስክሌተኛ ግዴታ የሚያስቀምጠው ብስክሌተኛውን መንገዱ ላይ ስለሚጠብቀው ነው፣ መንገዱ የሱ ባይሆን ኖሮ ምን ግዴታ ያስፈልገው ነበር። ይሄ ክርክር ፍርድ ቤት አያስኬድም፣ እለፈው።

ዋናው ነገር የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ነው፣ የ1952ቱ፣ አንቀጽ 2081። ባለሞተር ተሽከርካሪ ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ ነው ይላል፣ ሌላ ሰው ሳይፈቀድለት ቢነዳው እንኳን። ስለዚህ "እኔ ሹፌር ነኝ" የሚለው አያሳስብህ፣ ሊብሬው በማን ስም ነው የሚለው ነው የሚያስፈልግህ። ባለቤቱም "ሹፌሬ አላጠፋም" ብሎ አያመልጥም፣ አንቀጽ 2086 ያንን በር ዘግቶታል። መኪናው ተሰርቆብኝ ነበር ብሎ ካላስረዳ በቀር የሚቀርለት መከራከሪያ አንድ ነው፣ ጉዳቱ የደረሰው በተጎጂው ጥፋት ነው ወይም ተጎጂውም አጥፍቷል ማለት። ሕጉ እንዲህ ያደረገው ሹፌርን ጠልቶ አይደለም፣ ያንን የሚያክል ብረት መንገድ ላይ ያወጣ ሰው ከብስክሌተኛው የከበደ ሸክም ይያዝ ብሎ ነው።

እዚህ ጋ የሌላኛው ወገን ጠበቃ አንድ ነገር ሊሞክር ይችላል፣ አንቀጽ 2084 ሁለት ተሽከርካሪዎች ሲጋጩ ሁለቱም እኩል እንዳጠፉ ተቆጥሮ ኪሳራውን ግማሽ በግማሽ ይካፈላሉ ስለሚል ብስክሌትም ተሽከርካሪ ነው ግማሹን ቻል ሊልህ። በኔ አረዳድ አንቀጹ የተጻፈው ለባለሞተሮቹ ነው፣ ሆኖም ዳኛው በዚህ ባይስማሙ እንኳን ንዑስ 3 አለልህ፣ አደጋው በሙሉ ወይም በዋናነት በአንዱ ነጂ ጥፋት መሆኑ ከተረጋገጠ የእኩል ክፍያው ነገር ይቀራል።

አሁን ወዳንተ ጥፋት። መብራት ያለመኖሩ ጥፋት ነው፣ አመሻሽ ነበር ብለሃል። ኢርፎኑም ደስ አይልም። የተጎጂ ጥፋት ካለ ካሳው ይቀነሳል፣ 2086 ንዑስ 2 እና 2098 እሱን ነው የሚሉት። ግን ጥፋት መኖሩ ብቻ አይበቃም፣ ለጉዳቱ ምክንያት መሆን አለበት፣ እና አንተ ሳታስበው የጻፍከው ትልቅ ነገር ክላክሱ ነው። ሹፌሩ ክላክስ አደረገ ማለት አይቶሃል ማለት ነው። ካየህ የኋላ መብራት አለመኖሩ ምን አመጣ? አንተም ሰምተሃል፣ ስለዚህ ኢርፎኑም ጆሮህን አልደፈነውም። የቀረው ጥያቄ ሹፌሩ አይቶህ እያለ ለምን ፍጥነት ቀንሶ ወይ ራቅ ብሎ አላለፈም የሚለው ነው። ብዙ ሹፌር ክላክስ ካደረገ ግዴታውን የጨረሰ ይመስለዋል፣ "ነግሬሃለሁ፣ ውረድልኝ" እንደማለት፣ ብስክሌተኛው በቀኝ በኩል ቱቦ ይኑር ድንጋይ ይኑር የቆመ ባጃጅ ይኑር አያይም። በሌላ በኩል የብስክሌት ልጆችም በባጃጆች መሃል እየተሹለከለኩ፣ የአይሱዙ ጭራ ይዘው እየተጎተቱ፣ ማታ ጨለማ ውስጥ ያለ መብራት እየነዱ ሹፌሩን ያስደነግጡታል፣ እሱም እኮ ቤቱ መግባት ይፈልጋል። ሕጉ ሁለቱንም ነው የሚጠይቀው። አንተ ፍርድ ቤት ስትቀርብ መብራት ነበረኝ ብለህ እንዳትዋሽ፣ ምስክሮቻቸው አይተውሃል፣ አንድ ውሸት ከተያዘብህ የቀረውንም አያምኑህም።

ከሁሉም የሚከብደው ወረቀቱ ነው፣ አልዋሽህም። የእርቅ ውል በሁለታችሁ መካከል እንደ ፍርድ የሚጸና ነገር ነው፣ ለዚህ ነው መንገድ ዳር በድንጋጤ አትፈርሙ የምለው፣ ሰው ግን ሽማግሌ ሲለምነው እምቢ ማለት ያፍራል። ግን መውጫ አለው። መብት የሚተውበት የእርቅ ቃል በጠባቡ ነው የሚተረጎመው፣ ስትፈርም በሁላችሁም ግምት የነበረው የተጋጋጠ ቆዳና የተጣመመ ቸርኬ ነው፣ ስብራት መኖሩን አንተም ሹፌሩም አታውቁም ነበር፣ ስለዚህ ስለ ስብራቱ አልታረቅንም ማለት ትችላለህ። ካልሆነም በስህተት የተሰጠ ፈቃድ ነው ብለህ ውሉ እንዲፈርስ መጠየቅ ነው። ዳኛው ይቀበሉሃል ብዬ ቃል አልገባልህም፣ ወረቀቱ ላይ "ለሚመጣው የሕክምና ወጪም ጭምር" የሚል ካለ ነገሩ ይጠብብሃል፣ ቃሉን ሙሉውን ላክልኝ። የተቀበልከው 4 ሺህም ከካሳው ላይ ይቀነሳል እንጂ አይረሳም። ደሞ የፈረምከው ከሹፌሩ ጋር ነው፣ ባለቤቱ እዛ ወረቀት ላይ አለ ወይ የሚለውም መታየት አለበት።

ጊዜው ነው የሚያስቸኩልህ። የካሳ ክስ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በ2 ዓመት ይታገዳል (2143)፣ እሱ ገና ነው። በወንጀል በኩል ግን ጉዳዩ በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስከስስ ነው ከተባለ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 213 አቤቱታው በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት፣ አንተ ደግሞ ሁለቱን ልትጨርስ ነው። ስለዚህ ዛሬ ነገ ሳትል ሄደህ ለትራፊክ ፖሊስ ቃልህን ስጥ። ፕላን (የአደጋው ቦታ ንድፍ) አልተነሳም፣ ቦታው ላይ ምልክት የለም፣ ቢሆንም ቃልህ መመዝገቡ ብቻውን ይጠቅማል። ሹፌሩ በወንጀሉ ነፃ ቢባል እንኳን የካሳ ዳኛው በዛ አይታሰርም (2149)።

ማስረጃ ላይ፣ የተሰበረውን የስፖኪዮ ቅርፊት አንስቼ ቤት አስቀምጫለሁ ያልከውን ሳነብ ደስ አለኝ፣ እንዳትጥለው። ብስክሌቱን ገና ካላሰራኸው መሪው ላይ የቀረውን የቀለም ጭረት ከቅርፊቱ ጋር አጠገብ ለአጠገብ አድርገህ ፎቶ አንሳው። ራጁን፣ የካርድና የመድኃኒት ደረሰኞችን፣ ከስራ የቀረህበትን ደብዳቤና የደመወዝህን ማስረጃ ሰብስብ። ጀሶው ከተፈታ በኋላ እጅህ እንደድሮው ካልሆነ ሐኪሙን የቦርድ ማስረጃ ጠይቀው፣ የጉዳቱ መጠን በመቶኛ ካልተጻፈ የወደፊት ገቢህን ማስላት ይከብዳል። ለሞራል ካሳ ብዙ ተስፋ አታድርግ፣ ጣሪያው 1,000 ብር ነው፣ በ1952 የተጻፈ ብር እስከ ዛሬ ማንም አልነካውም!

መኪናው የሦስተኛ ወገን መድን ሊኖረው ግድ ነው። የታርጋውን ቁጥር ይዘሃልና መድን ሰጪው ማን እንደሆነ በትራፊክ ፖሊስ በኩል አጣርተህ ለኩባንያውም በጽሑፍ አሳውቅ። መድኑ የሚከፍለው እስከ ጣሪያው ነው፣ ከዛ የሚተርፈውን ከባለቤቱ ትጠይቃለህ። የዳኝነት መክፈያ ከሌለህ በደሃ ደንብ ለመክሰስ ማመልከት ትችላለህ፣ የባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤትም ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፣ ወረቀትህን ይዘህ ሂድ። መጀመሪያ ግን ፖሊስ ጋ።