ከፍሎረንስ ሮም በባቡር፣ ከልጆች ጋር በአንድ ቀን፦ እኔ የከፈልኩትን አንቺ አትክፈይ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። «ባለቤቴንና ሁለት ልጆቼን ይዤ ከፍሎረንስ ሮም ጧት ሄደን ማታ ብንመለስ ይሆናል ወይ? ምን ምን ልጠንቀቅ?» ብለሻል። ይሆናል። እኛም ሁለት ልጆች ይዘን፣ ከዚያው ከፍሎረንስ ተነስተን፣ ሁለት ጊዜ ሄደን መጥተናል። የመጀመሪያው አስለቅሶኛል። ሁለተኛው ግን እዚህ አገር ከኖርኩባቸው ቀናት ሁሉ የምወደው ነው።

1. ፈጣኑን ባቡር ያዢ። አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው የሚፈጀው። በየፌርማታው የሚቆመው ግን ሦስት ሰዓት ተኩል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል። ደርሶ መልስ ሲሆን ቀኑ መንገድ ላይ አለቀ ማለት ነው። ቀድመሽ ከቆረጥሽ የዋጋው ልዩነት ያን ያህል አይደለም፤ የቤተሰብ ቅናሽም አለ፣ ስትቆርጪ ጠይቂ። ለእኛ ያኔ ይሄን የነገረን አልነበረም። ርካሹን መረጥን።

2. ርካሹን ከያዝሽ፣ የወረቀት ትኬቱን ሳትሳፈሪ ቲምብሮ አስመቺ። ሀዲዱ አጠገብ ግድግዳና ምሰሶ ላይ ትናንሽ ማሽኖች አሉ። ትኬቱን አፉ ውስጥ ስትከቺው ቀኑንና ሰዓቱን ያትምበታል። በስልክ የቆረጥሽ እንደሆነ ደግሞ ከመሳፈርሽ በፊት ስልኩ ላይ «ቼክ ኢን» ማድረግ አለብሽ። የፈጣኑ ትኬት ይሄ ሁሉ የለበትም፣ ሰዓቱና ወንበሩ አስቀድሞ ተጽፎበታል። የዝግተኛው ግን ወንበር የለውም፤ ካልታተመበት «ደግማችሁ ልትጠቀሙበት ነው» ይሉሻል።

እኛን ያሉን ይህንኑ ነው። ጧት 12 ሰዓት አካባቢ ነው። ባለቤቴ ትንሹን ልጅ እንደተኛ ተሸክሞታል፣ እኔ የምሳውን ቦርሳ ይዣለሁ፣ ባቡሩ ሊነሳ ሦስት ደቂቃ ቀርቶታል። አራት ትኬት ከማሽን ገዝተን ዘለን ገባን። ገንዘቡን ከፍለናል፣ ቀኑም ተጽፎበታል፣ ሌላ ምን ያስፈልጋል ብለን። ከአንድ ሰዓት በኋላ ተቆጣጣሪው መጣ። ትኬቶቹን አንድ በአንድ ገለበጣቸው። ቀና ብሎ «ስንት ዓመት ነው ጣልያን የኖራችሁት?» አለን። ዘጠኝ ዓመት አልነው። «ታዲያ ማንበብ አልተማራችሁም?» አለ፣ ሰው እየሰማ።

ቅጣቱ ከትኬቱ በለጠ። እሱ አይደለም ያቃጠለኝ። ልጄ ያኔ አሥር ዓመቷ ነው፤ ጣልያንኛውን ከእኛ በላይ ትሰማለች። ቃል ሳትናገር ትንሿን ቦርሳዋን ከፈተች። ለአይስክሬም ያጠራቀመቻትን አምስት ዩሮ አወጣችና ለአባቷ ዘረጋችለት። አባቷ ጣቶቿን መልሶ አጠፈላትና ወደ መስኮቱ ዞረ። እኔ እንባዬን መያዝ አቃተኝ። ጥፋቱ የኛ ነው፣ ሕጉም ሕግ ነው፣ አልክድም። ግን ሰው ልጆቹ ፊት እንደዚያ አይዋረድም።

ሮም ስንደርስ አቤት ልበል ብዬ መስኮት ላይ ተሰለፍኩ። ዕቃ ሁሉ እኔ ጋ፣ ልጆቹ ሽንት ቤት እያሉ፣ አርባ ደቂቃ ቆምኩ። ተራዬ ሲደርስ ሴትየዋ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «በኢንተርኔት ጻፊ» አለችና መጋረጃዋን ጎተተች። ከዚያ በኋላ የጎበኘነው ነገር ምንም ትዝ አይለኝም። ስለዚህ ከተቀጣሽ እዚያው ተከራክረሽ ቀንሽን አታባክኚ። ወረቀቱን ያዢ፣ ቤትሽ ገብተሽ ጻፊ። ማተሚያው ተበላሽቶ ከሆነ ደግሞ በስክሪብቶ ቀኑንና ሰዓቱን ትኬቱ ላይ ጽፈሽ ተቆጣጣሪውን ራስሽ ፈልጊው። እሱ ቀድሞሽ እንዳይመጣ።

3. ለኮሎሲየም፣ ለልጆቹም ትኬት ያዢላቸው። ከ18 ዓመት በታች ነፃ ነው፤ ነፃ ማለት ግን ያለ ትኬት ማለት አይደለም። ትኬቱ ስምና የመግቢያ ሰዓት አለው፤ የሁላችሁንም መታወቂያ ወይም ፓስፖርት ያዙ። ሳምንታት ቀድመሽ ካልያዝሽ ላታገኚ ትችያለሽ። በየወሩ የመጀመሪያው እሁድ ለሁሉም ነፃ ነው፣ ግን ሰልፉ ከልጆች ጋር አይቻልም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጉዟችን ልውሰድሽ፤ ተራ ቁጥሩን ትቼዋለሁ። ከቴርሚኒ፣ ከሮም ዋናው ባቡር ጣቢያ፣ ስትወጪ ፊት ለፊትሽ ያለው ሰፊ ቦታ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ይባላል። አምስት መቶዎቹ እነማን እንደሆኑ ታውቂያለሽ? በ1887 እ.ኤ.አ. ዶጋሊ ላይ የራስ አሉላ ጦር የደመሰሳቸው የጣልያን ወታደሮች ናቸው። እኔ ይሄን ሳላውቅ የመጀመሪያ ቀን እዚያው ቆሜ አለቅስ ነበር! በሁለተኛው ጊዜ ለልጆቼ ነገርኳቸው። ልጄ ጽሑፉን ፈልጋ ጮክ ብላ አነበበችው።

ከዚያ ሜትሮ ቢን፣ የምድር ውስጥ ባቡሩን «ቢ» መስመር፣ ያዙ። ሰው ሁሉ «ኮሎሴዮ» ይወርዳል፣ እናንተ አትውረዱ። አንድ ፌርማታ እለፉና «ቺርኮ ማሲሞ» ውረዱ። ስትወጡ ትልቅ ነጭ ሕንፃ ታያላችሁ፣ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት፣ ፋኦ ነው። ድሮ የጣልያን የቅኝ ግዛት ሚኒስቴር እንዲሆን የታሰበ ነው። የአክሱም ሐውልታችን ከ1937 ጀምሮ (እነዚህ ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) እዚያ ፊት ለፊት ቆሞ ነበር። በ1947ቱ የሰላም ውል መመለስ ነበረበት፤ አገሩ የገባው በ2005 ነው። አሁን በቦታው የመስከረም 11ዱ ጥቃት መታሰቢያ የሆኑ ሁለት ዓምዶች አሉ። ስለ አክሱም ምንም ያየሁት ጽሑፍ የለም፣ ስለዚህ ራስሽ ንገሪያቸው።

ከሐውልቱ ቦታ ኮሎሲየም አጠገብ እስካለው እስከ ቆስጠንጢኖስ ቅስት ቀጥ ያለ መንገድ ነው፣ በልጅ እግር አሥር ደቂቃ ገደማ። አበበ ቢቂላ በ1960 እ.ኤ.አ. የኦሎምፒክ ማራቶንን በባዶ እግሩ የጨረሰው በዚሁ ነው። ማታ ነበር፣ መንገዱን በችቦ አብርተውታል። ሐውልቱ ጋ ሲደርስ አብሮት ይሮጥ የነበረውን ሞሮኳዊ ጥሎት ሄደ። በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ቅስቱ ሥር ገባ። በኛ አቆጣጠር ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ነው፤ ለአገሩ የአዲስ ዓመት ዋዜማ!

ይሄን ስነግራቸው ትንሹ ልጄ መንገዱ ዳር ቁጭ ብሎ ጫማውን ማውለቅ ጀመረ። ተው ብለው አልሰማኝም። ካልሲውን ኪሱ ከተተና ድንጋዩ ላይ ቆመ። «እማዬ ይወጋል» አለ። ትንሽ አሰበና ሮጠ። ቅስቱ ጋ ስንደርስ እግሩ ጥቁር ሆኖ፣ እጁን ከፍ አድርጎ ይጠብቀን ነበር። አባቱ ሳይወድ በግዱ ሰዓት ይዞለት ነበርና ስንት እንደፈጀበት ነገረው።

እግሩን ያጠብንለት በመንገድ ላይ ቧንቧ ነው። ሮም እነዚህ የብረት ቧንቧዎች በየመንገዱ አሉ፣ ውኃው ንጹሕና ነፃ ነው፤ ውኃ አትግዢ። ጫፉን በጣትሽ ስትደፍኚው ከላይ ባለችው ቀዳዳ ወደ አፍሽ ይዘልልሻል። ምሳም ይዘሽ ሂጂ። እኛ ዳቦ በእንቁላልና ቆሎ ነበር የያዝነው። ከሰዓት ፓንቴዎንን፣ ጥንታዊውን የሮማውያን ቤተ መቅደስ፣ አይታችሁ አይስክሬም በልታችሁ ተመለሱ፣ ሌላ አትጨምሩ፣ ልጆቹ ይደክማሉ።

ማታ ቴርሚኒ ስትመለሱ ሰሌዳውን በደንብ አንብቢ። «1 ኤስት» ካለ መስመር ቁጥር 1 አይደለም፤ ከዋናው አዳራሽ ርቆ፣ ዕቃና ልጅ ይዘሽ ብዙ የሚያስኬድ ሌላ መስመር ነው። ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ። የምትሄዱበትን ቀን ከቆረጥሽ እዚሁ ጻፊልኝ፣ ከጣቢያው እስከ ሜትሮው መግቢያ ያነሳሁትን ፎቶ እልክልሻለሁ።