አንቲክ ታግ፣ የካውንቲ ቢልና የአባባ ቮልስ፦ የሰሞኑ ጥያቄዎቻችሁ

ኦክቶበር 5 ሲቃረብ ኢንቦክሴ ይሞላል፣ ምክንያቱም እዚህ ቨርጂኒያ የፌርፋክስ፣ የአርሊንግተንና የአሌክሳንድሪያ የካር ታክስ፣ ማለትም በየዓመቱ በመኪና ላይ የሚጣለው የንብረት ታክስ፣ መክፈያ ቀን ነው። ዘንድሮ ደግሞ ግማሹ ጥያቄ ስለ አሮጌ መኪና ሆኖ አረፈው። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፣ በካውንቲው ላይ የወረደውን እርግማንም አውጥቼዋለሁ።

ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ አንባቢ፦ የ1989 መርሴዲስ አለኝ፣ በዓመት ስንት የካር ታክስ ልከፍል ነው?

ምንም። ሜሪላንድ በግል መኪና ላይ በየዓመቱ የሚከፈል የንብረት ታክስ የላትም፣ ታይትል ሲወጣ አንዴ ኤክሳይዝ ትከፍላለህ፣ ሬጅስትሬሽንህን ታድሳለህ፣ በቃ። ቨርጂኒያ ላሉት ዘመዶችህ እየደወልክ አታብሽቃቸው። እናንተም ቨርጂኒያ እያደራችሁ በአጎታችሁ የሜሪላንድ አድራሻ ታግ የምታወጡ፣ ነዋሪ ከሆናችሁ በ30 ቀን ውስጥ ቨርጂኒያ ማስመዝገብ ግዴታ ነው። ጎረቤት ያያል፣ ጎረቤት ይጠቁማል።

አሌክሳንድሪያ ያለ ወንድማችን፦ የ1998 ኮሮላ አለኝ፣ ጓደኞቼ አንቲክ ታግ (ለአሮጌ መኪና የሚሰጠውን ልዩ ታርጋ) ለጥፈው "ካር ታክስ የለ፣ ኢንስፔክሽን የለ" እያሉ ይስቁብኛል። እኔ በዚችው መኪና ማታ ማታ ዶርዳሽ፣ ምግብ ማድረስ፣ ነው የምሰራው። ልለጥፍ? 25 ዓመት አልፏታል አይደል?

አልፏታል። ግን ሕጉ እድሜ ላይ አያቆምም እኮ፣ ጓደኞችህ የሚዘሉት የቀረውን ነው። የቨርጂኒያ ሕግ አንቲክ የሚላት 25 ዓመት የሞላትንና ለስብስብነት ብቻ የተያዘችውን ነው፣ ታጉን ስትጠይቅ ደግሞ ሌላ የምትነዳው መኪና ወይም ሞተር ሳይክል እንዳለህ ነው የምትፈርመው። ከዛ በኋላ ለክለብ፣ ለኤግዚቢሽን፣ ለሰልፍ፣ ለጥገና ትወጣለች፣ አልፎ አልፎም ከቤትህ 250 ማይል ሳታልፍ ትንሸራሸርባታለህ። ወደ ስራ መመላለስ ግን በስሙ ተጠቅሶ የተከለከለ ነው። ፒዛ ማድረስ ደግሞ በየትኛውም አተረጓጎም ሰልፍ አይሆንልህም።

"ማን ያየኛል" እንደምትል አውቃለሁ፣ እሺ ሂሳቡን እንስራው። ታጉ አንዴ 50 ዶላር ከፍለህ መኪናዋ ያንተ እስከሆነች ድረስ የሚቆይ ነው፣ ይሄ እውነት ነው። የምታተርፈው የዓመት ሬጅስትሬሽን፣ የ20 ዶላር ሴፍቲ ኢንስፔክሽንና ካር ታክሱን ነው። ካር ታክሱ ስንት ነው? ኮሮላህ 2,000 ዶላር ብትገመት በአሌክሳንድሪያ ከየ100ው 5.33 ስታሰላው 106 ዶላር ከ60 ሳንቲም ይመጣል፣ ከሱ ላይ ደግሞ የስቴቱ ድጎማ ይቀነሳል። ግምቷ 1,000 ዶላርና ከዛ በታች ከሆነማ ድጎማው ሙሉውን ይሸፍነዋል፣ ማለትም አሁንም ምንም ላትከፍል ትችላለህ! ቢልህን ከመሳቢያ አውጥተህ "አሰስድ ቫልዩ" (የተገመተው ዋጋ) የሚለውን መስመር እየው፣ ብዙ ሰው የጠቅላላውን ቁጥር ብቻ አይቶ ነው የሚጮኸው።

የድጎማው ታሪክ ራሱ ያስቃል። ጂም ጊልሞር በ1997 "ካር ታክስ ይቅር" ብሎ ተወዳድሮ ገዥ ሆነ፣ በዓመቱ ሕጉ ወጣ፣ ከዛ ወጪው ሲያብጥ ስቴቱ ለሁሉም ካውንቲና ከተማ በድምሩ በዓመት 950 ሚሊዮን ዶላር ላይ ቆለፈው። የመኪናው ብዛትና ዋጋ ግን ማንም አልቆለፈውም፣ ስለዚህ ድርሻችን እየሳሳ መጣ። ላንተ የሚመለከትህ ግን ሌላ ነው፦ ድጎማው ለግል መጠቀሚያ ነው፣ በዓመት ከምትነዳው ማይል ከግማሽ በላዩ ለስራ ከሆነ አይገባህም። ዶርዳሹን በታክስ ሪተርንህ ላይ ማይል እየቆጠርክ ስታስቀንስ ይሄንንም አስብበት።

አሁን ወደ ኢንሹራንሱ እንምጣ፣ ወንድሜ እዚህ ጋር አልቀልድም። ቨርጂኒያ ድሮ 500 ዶላር ከፍሎ ያለ ኢንሹራንስ መንዳት ይፈቅድ ነበር፣ ከጁላይ 2024 ጀምሮ ግን ያ በር ተዘግቷል። ለአንቲክ የሚሸጠው ርካሽ ፖሊሲ ርካሽ የሆነው መኪናዋ ጋራዥ ውስጥ ትተኛለች ተብሎ ነው፣ አንተ ግን አርብ ማታ ኮሎምቢያ ፓይክ ላይ የሰው ምግብ ጭነህ አንዱን ብትገጭ የኢንሹራንሱ አጣሪ መጀመሪያ የሚጠይቅህ የት ነበር የምትሄደው ብሎ ነው። የሀኪም ቤት ቢል ከማን ኪስ እንደሚወጣ ገምት። መደበኛው የግል ፖሊሲም ቢሆን ዴሊቨሪን ብዙ ጊዜ አይሸፍንም፣ ስለዚህ ታጉን ለጠፍክም አልለጠፍክም ዛሬውኑ ለኢንሹራንስ ኤጀንትህ ደውለህ ዶርዳሽ እንደምትሰራ ንገረውና መልሱን በኢሜይል አስጽፈው። በስልክ "ችግር የለውም" አለኝ የሚባል ነገር አይሰራም።

እኔን ከሁሉም የሚያበሳጨኝ ግን ኢንስፔክሽኑ ነው። ሰዉ 20 ዶላር የዳነ ይመስለዋል። የኢንስፔክሽኑ ሰውዬ በዓመት አንዴ ጎማ ፈትቶ የፍሬን ሸራውን ያያል፣ ከስር በባትሪ ያበራል፣ በየዊንተሩ መንገድ ላይ የሚረጨው ጨው ደግሞ የፍሬን ዘይት የሚሄድባትን ቀጭን ቱቦ ወደ ኋላ ጎማ አካባቢ ሲበላት ከውጭ ምንም አይታይም፣ ቡናማ ትሆናለች፣ በጥፍር ስትነካት ቅርፊት ይረግፋል፣ አንድ ቀን 395 ሀይዌይ ላይ ፔዳሉን ስትረግጠው ወለሉ ጋ ይደርሳል። በዓመት ሁለት ሰልፍ የምትወጣ መኪና ላይ አደጋው ትንሽ ስለሆነ ነው ሕጉ የማራት። በየቀኑ የምትሮጥ የ1998 መኪና ኢንስፔክሽን አያስፈልጋትም ያለ ማንም የለም። አትለጥፍ።

ሄርንደን ያለች እህታችን፦ ዲኤምቪ (የመኪና ምዝገባ ቢሮው) መኪናዬን አንቲክ ብሎ መዝግቦልኛል፣ ካውንቲው ግን ቢል ላከ። ማንኛቸው ናቸው የሚዋሹት?

ማንም አልዋሸም፣ ሁለቱ የተለያዩ ቤቶች ናቸው። ዲኤምቪ የስቴት ነው፣ ታክሱ የካውንቲ። የስቴቱ ሕግ ካውንቲዎች አንቲክን ለይተው ሊምሩት ወይም ዝቅ አድርገው ሊያስከፍሉት ይችላሉ ይላል እንጂ ሁሉም እኩል ያድርጉ አይልም፣ ስለዚህ ፕሪንስ ዊልያም ካውንቲ ላለ ሰው የሚሰራው ላንቺ ላይሰራ ይችላል። ታጉን ያወጣሽው ዓመቱ መሀል ላይ ከሆነም ቢሉ ከዛ በፊት ላሉት ወራት ሊሆን ይችላል። ሄርንደን ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ ስለሆነ አንቺ የታክስ አድሚኒስትሬሽን ቢሮው ጋ፣ አርሊንግተን ላሉት ደግሞ ኮሚሽነር ኦፍ ሬቨኒው ጋ የሬጅስትሬሽኑን ኮፒ ይዞ መጠየቅ ነው። ቀኑ ሳያልፍ ደውዪ፣ ክርክሩ እስኪያልቅ ብሎ ቢል ማስቀመጥ ቅጣት ነው የሚያመጣው።

አንቲክ ላልሆነውም የሚሆን ነገር ልጨምር፦ ካውንቲው መኪናሽን መጥቶ አላያትም፣ ከዋጋ መጽሐፍ ነው የሚገምታት። ማይሏ በጣም ከፍ ያለ ከሆነ ወይም አካሏ ከዛገ ፎቶና የጋራዥ የዋጋ ግምት አያይዘሽ ይቀነስልኝ ማለት ትችያለሽ።

አናንዴል ያለች አንባቢ፦ አባቴ ሲያርፍ አዲስ አበባ የተወልን የ70ዎቹ ቮልስ አለች። ወንድሞቼ ይሸጥ ይላሉ፣ እኔ ወደዚህ ላመጣት እፈልጋለሁ። ታክሱ ይገድለኛል?

ነፍስ ይማር። ታክሱ ከሁሉም ቀላሉ ነው፣ የሚከብደው ወረቀቱ ነው።

አሜሪካ 25 ዓመት ያለፈው መኪና የራሷን የሴፍቲ ስታንዳርድ እንዲያሟላ አትጠይቅም፣ ለጭስ ደግሞ 21 ዓመት ይበቃል፣ ኦሪጅናል ሁኔታው ላይ እስካለ ድረስ። ቮልሷ ሁለቱንም አልፋለች። ወደብ ላይ ኤችኤስ 7 እና 3520-1 የሚባሉ ፎርሞች ይሞላሉ። የምርት ዘመኗን ግን ማሳየት አለብሽ። ወንድምሽን የኋላውን ወንበር አንስቶ መሀል ለመሀል ያለው ብረት ላይ የተመታውን የሻንሲ ቁጥር በስልኩ ፎቶ ያንሳልሽ፣ ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል ይመሳከር። የሞተር ቁጥሩንም እንደዛው፣ የአዲስ አበባ ቮልስ ሞተሯ ሳይቀየር እዚህ አትደርስም፣ የተቀየረው ሊብሬው ላይ ካልሰፈረ እዛው ሳለች ይስተካከል። ቮልፍስቡርግ ያለው የቮልስዋገን ሙዚየም በሻንሲ ቁጥር የተመረተችበትን ቀን የሚገልጽ ሰርተፍኬት በክፍያ ይሰጣል፣ ለወረቀትም ይጠቅማል፣ ለግድግዳም ያምራል።

ዋናው ግን ውርሱ ነው። ሊብሬው በአባትሽ ስም ነው፣ ወራሾቹ ደግሞ አንቺ ብቻ አይደለሽም። ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ሳይወጣና ወንድሞችሽ ድርሻቸውን በውክልና ክፍል ፊት ሳይለቁልሽ አንድ ዶላር ለትራንዚተር እንዳትልኪ። አዲስ አበባ ጠበቃ፣ እዚህ የጉምሩክ ብሮከር ያዢ፣ ሁለቱንም። ቀረጡ ከ2025 ወዲህ ሲቀያየር ስለከረመ እኔ ቁጥር አልጽፍልሽም፣ ብሮከሩ መኪናዋ ጅቡቲ ሳትጫን በፊት በጽሁፍ ይንገርሽ። ከስሯም በደንብ ትታጠብ፣ የውጭ አገር አፈር ይዛ ከመጣች ወደቡ ላይ ይመልሷታል ወይም በወጪሽ ያሳጥቧታል።

እዚህ ከደረሰች በኋላ የጉምሩክ ወረቀቷንና የተተረጎመ ሊብሬዋን ይዘሽ ዲኤምቪ ነው፣ አንቲክ ታጉም ላንቺ አይነቷ ነው የተሰራው፣ የምትነጂው ሌላ መኪና እስካለሽ ድረስ። ወንድሞችሽ ተቻኩለው እንዳይሸጧት ደግሞ ይሄን ንገሪያቸው፦ ኢትዮጵያ በራሷ አቆጣጠር ከ2016 (በፈረንጁ 2024) ጀምሮ የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ስለከለከለች የሄደችውን የምትተካ ሌላ ቮልስ ከውጭ አትመጣም።

ፍራንክፈርት ያለ አንባቢ፦ የ1984 መርሴዲስ 240 ዲዝል አለኝ፣ እናንተ እንደምታወሩት እኔም ሰንበት ሰንበት ብቻ ነው የምነዳው?

የለም፣ ጀርመን ሌላ ዓለም ነው። ኤች ታርጋ (የጀርመኖቹ የአሮጌ መኪና ታርጋ) ለማውጣት 30 ዓመት መሙላትና መኪናዋ በኦሪጅናል ይዞታዋ በደንብ የተያዘች መሆኗን ኤክስፐርት መርምሮ መመስከር አለበት፣ ከዛ በኋላ ግን በየቀኑ ብትነዳት ታርጋው አይከለክልህም። ግብሩ በዓመት 191 ዩሮ ከ73 ሳንቲም ነው፣ ሞተሩ ትልቅም ይሁን ትንሽ። ያለ ኤች ታርጋ ያንተዋ አሮጌ ዲዝል ለየ100 ሲሲው 37.58 ዩሮ ስለምትከፍል 24 ጊዜ አባዛው፣ 902 ዩሮ ገደማ ነው። የከተማው የጭስ ዞንም ያለ ስቲከር ያስገባሃል። ይዞታ ላይ ጠንካራ ናቸው፣ አጠቃቀም ላይ ልል፣ ቨርጂኒያ ተቃራኒው። ለኔ የጀርመኖቹ ይሻላል፣ ቢያንስ ፍሬኑን ያዩታል። ኢንሹራንስህ ግን የራሱ ገደብ ሊኖረው ስለሚችል ውሉን አንብብ።

ሎስ አንጀለስ ያሉ አባት፦ የ1978 ቮልስ አለኝ፣ የሂስቶሪካል ታርጋ ካወጣሁ ከስሞግ (ከጭስ ምርመራው) ነጻ ነኝ?

አይደሉም ጋሼ። ካሊፎርኒያ በነዳጅ ከሚሄዱት ነጻ የምታደርገው እስከ 1975 ሞዴል ያሉትን ነው፣ ታርጋው ይሄንን አይቀይረውም።

ስፕሪንግፊልድ፦ የዲኤምቪ ክፍያዬን ከፌደራል ታክስ ላይ ማስቀነስ እችላለሁ?

በመኪናው ዋጋ ተሰልቶ በየዓመቱ የሚከፈለውን፣ አይተማይዝ ካደረግክ (ተቀናሾችህን አንድ በአንድ ከዘረዘርክ) አዎ፣ ማለትም የካውንቲውን ካር ታክስ። የአንቲክ ታጉን 50 ዶላር አይ። ሌላውን ሲፒኤህ (የሂሳብ ባለሙያህ) ይንገርህ፣ ለሱ አይደል የምትከፍለው።

ስሙን ያልጻፈ፦ ቨርጂኒያ አንቲክ መኪና ላይ የድሮ ታርጋ መለጠፍ ይቻላል ሲሉ ሰማሁ። የአዲስ አበባ ታርጋዬን ልለጥፈው?

የሚቻለው መኪናው በተሰራበት ዓመት የወጣ የቨርጂኒያ ታርጋ ነው፣ እሱም ዲኤምቪ ካጸደቀው። ያንተን ሳሎን ስቀለው።