«ማርያምን፣ በዚህ ዋጋ አላመጣሁትም!»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ትንሽ የልብስ ሱቅ አለችኝ። ገዢ ዋጋ ሲከራከረኝ «ማርያምን፣ በዚህ ዋጋ አላመጣሁትም» ማለት ለምዶብኛል። አንዳንዴ እውነት ነው፣ አንዳንዴ አይደለም። በቀደም የ6 ዓመት ልጄ ከንፈሯ ላይ ስኳሩ እየታየ «ማርያምን አልበላሁም!» ስትለኝ ክው አልኩ። ባለቤቴ ደግሞ «እግዚአብሔር ይመስገን»ም ሆነ «እግዚአብሔር ካለ» ሳያስቡት ከተባለ ስሙን በከንቱ መጥራት ነው ባይ ነው። የቱን ልተው?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ የሱቁን መሐላ ተዪ። የውሸቱን ብቻ ሳይሆን የእውነቱንም። ዘጸአት 20፥7 «የእግዚአብሔርን የአምላክህን ስም በከንቱ አትጥራ» ይላል፤ ዘሌዋውያን 19፥12 ደግሞ በስሙ በሐሰት መማልን ለይቶ ይከለክላል። ሸሚዝ ላይ 100 ብር ለማትረፍ የአምላክን እናት ምስክር አድርጎ መጥራት ከባድ ነገር ነው። «እኔኮ እግዚአብሔርን አላልኩም፣ ማርያምን ነው ያልኩት» የሚል አይጠፋም። «ሚካኤልን»፣ «ልጄን»፣ «እናቴ ትሙት» የምንለውም በዚሁ ሒሳብ ነው። ጌታችን ግን ማቴዎስ 5 ላይ ይህን መውጫ ዘግቶታል። በሰማይም በምድርም፣ በኢየሩሳሌምም በራሳችሁም አትማሉ ካለ በኋላ «ቃላችሁ አዎን አዎን ወይም አይደለም አይደለም ይሁን» አለ።

እስቲ ማቴዎስ 26 ላይ የጴጥሮስን ነገር ልብ ብለሽ አንብቢ። ለመጀመሪያዋ ገረድ የምትይውን አላውቅም ብሎ ዝም ነው ያለው። ሌላዋ ስትመጣበት ማለ። ሦስተኛው ላይ ራሱን እየረገመ ይምል ጀመር። ውሸቱ በከበደ ቁጥር መሐላውም አብሮ ከፍ አለ፣ ገበያ ውስጥም የሚሆነው ይኸው ነው፤ «ማርያምን» አልበቃ ሲል «ልጆቼን» ይመጣል። ገዢውም ቢሆን ለምዶታል፣ ስለማልሽ አያምንሽም። «አያዋጣኝም» ወይም «የመጨረሻ ዋጋው ይሄ ነው» በያቸው። የሚገዛ ይገዛል።

ልጅሽ ግን ይህን ከአንቺ ብቻ የተማረች አይመስለኝም። ልጅ አንድ ነገር ሲነግረን «እስቲ ማርያምን በይ!» የምንለው እኛው አዋቂዎቹ ነን። ጓደኛም ጓደኛውን «እስቲ ሙት በለኝ» ይለዋል። መሐላ የሌለበት ቃል ዋጋ የለውም ብለን በገዛ አፋችን አስተምረን ስናበቃ፣ ልጅቷ ስትምል እንደነግጣለን። ይህ በጣም ያሳዝነኛል። ከእንግዲህ አታስምያት። «ስኳር በልተሻል?» ብለሽ ጠይቂያት፣ «አዎ» ካለችሽም አትቆጫት። እውነቱን ተናግራ የተመታች ልጅ በሚቀጥለው ጊዜ መማሏ አይቀርም። የአንቺን ጉዳይ ደግሞ ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው፤ የቆየ ልማድ ብቻውን ሲታገሉት ይከብዳል።

«እግዚአብሔር ይመስገን» ላይ ከባለቤትሽ ጋር አልስማማም። ቦዔዝ አጫጆቹን ሰላም ያላቸው በእግዚአብሔር ስም ነው፣ እነሱም የመለሱለት በዚያው ስም ነው (ሩት 2፥4)። የታመመውን «እግዚአብሔር ይማርህ»፣ ሐዘንተኛውን «እግዚአብሔር ያጽናህ» እያልን ነው ያደግነው፤ ይህ ቢጠፋ ቤታችን ምን ሊመስል ነው? በእርግጥ ሲራክ 23 አፍን መሐላ እንዳናስለምድ፣ የቅዱሱንም ስም እንዲያው በዘፈቀደ እንዳንጠራ ይመክራል። ባለቤትሽ የፈራው ይህን ከሆነ ልክ ነው። መፍትሔው ግን ምስጋናውን መተው አይደለም። «እንዴት ነሽ?» ስትባዪ ለአፍታ አስበሽው በዪው፣ በቃ።

«እግዚአብሔር ካለ» ግን ያሳስበኛል። ያዕቆብ 4፥15 ጌታ ቢፈቅድ እንድንል ነው ያስተማረን፣ ስለ ነገ ምንም በእጃችን ስለሌለ። እኛ ደግሞ «አልመጣም» ማለት ስናፍር የምንደበቅበት አደረግነው። ሠርግ ተጠርተሽ ላትሄጂ ከወሰንሽ «አይመቸኝም» በዪ። ብድር ለጠየቀሽ ሰው የማትሰጪው ከሆነ «አልችልም» በዪው፤ ሰውየው ሳምንቱን ሙሉ ስልክሽን ሲጠብቅ ከሚከርም ያንኑ ቀን ሌላ ሰው ይጠይቅበት።