በቆስጠንጢኖስ አዳራሽ ጣሪያ ላይ የወደቀው ጣዖት፦ ጥያቄና መልስ

ቫቲካን ውስጥ፣ በቆስጠንጢኖስ አዳራሽ ስላለው «የክርስትና ሃይማኖት ድል» ስለተባለው የጣሪያ ሥዕል ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጥያቄዎቻችሁ ደስ አሰኝተውኛል። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሥዕሉን አላየሁትም። ምን ይመስላል?

ሰው የሌለበት ሰፊ የእብነ በረድ አዳራሽ ነው። መሀሉ ላይ መቆሚያ አለ፤ በላዩ የወርቅ መስቀል ቆሟል፣ ከነስቅለቱ። ከሥሩ ደግሞ የተሰባበረ ነጭ ሐውልት ወለሉ ላይ ተበትኗል። ብዙዎች ሜርኩሪ የተባለው የሮማውያን አምላክ ነው ይላሉ። መቆሚያው ቀድሞ የእሱ እንደነበር ማንም ሳይነግራችሁ ይገባችኋል።

የሠዓሊው የራፋኤል ሥራ ነው አይደል?

አይደለም፣ እህቴ። ሥዕሉ ያለበት አዳራሽ «የራፋኤል ክፍሎች» ከሚባሉት አንዱ ስለሆነ ነው የሚያሳስተው። ራፋኤል በ1520 ሲሞት ሥራው ገና ጅምር ነበር። ግድግዳውን እነ ጁሊዮ ሮማኖ፣ ተማሪዎቹ፣ በ1524 ጨረሱት። ጣሪያው ያኔ የእንጨት ነበር። በኋላ ጳጳስ ጎርጎርዮስ 13ኛ አስቀየሩት፤ የሲሲሊው ሰው ቶማሶ ላውሬቲም በ1582 ጀምሮ በ1585 ጨረሰው። ለራፋኤል ወዳጆች ግን የምሥራች አለ፦ በ2025 ባበቃው ጥገና፣ ግድግዳው ላይ በዘይት ቀለም የተሣሉ ሁለት ሴቶች የራሱ የራፋኤል እጅ ሥራ መሆናቸውን የቫቲካን ባለሙያዎች አረጋግጠዋል።

ድል ከተባለ ጦርነቱ የታለ?

ግድግዳው ላይ! የሮም ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢኖስ በ312 ተቀናቃኙን ማክሴንቲዮስን ሮም አጠገብ ባለው ሚልቪያ ድልድይ ላይ ድል ሲያደርግ፣ ፈረሱ፣ ጦሩ፣ ወንዝ ውስጥ የሚሰምጠው ሰው፣ ሁሉም እዚያ አለ። ቀና ስትሉ ግን ጸጥ ይላል። መዶሻ የያዘ ሰው የለም፤ የሚጮህም የለም። እኔን የሚነካኝ ይሄ ነው። ላውሬቲ ግርግሩን ሁሉ ለግድግዳው ትቶ፣ መስቀሉን ብቻውን አቆመው።

ጳጳሳቱ ራሳቸው የአማልክት ሐውልት ይሰበስቡ አልነበር እንዴ?

ትክክል ነህ፣ ወንድሜ። ላኦኮኦን የተባለው ዝነኛ ሐውልት በ1506 ከመሬት ሲወጣ ጳጳስ ዩልዮስ 2ኛ ወዲያው ገዝተው ወደ ቫቲካን አስመጡት። ላውሬቲ ሲሥል ግን ጊዜው ተለውጧል። ከፕሮቴስታንቶች ጋር የተነሳው ጠብ አለ፤ ለዚያ መልስ የሰጠው የካቶሊኮች የትሬንት ጉባኤም በ1563 ተጠናቋል። ጣሪያው ባለቀ በማግሥቱ ዓመት፣ በ1586፣ ጳጳስ ሲክስቱስ 5ኛ ከግብፅ የመጣውን ረጅም የድንጋይ ዓምድ ቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ አስተክለው መስቀል አናቱ ላይ አስቀመጡበት። ሐሳቡ አንድ ነው። ሆኖም የወደቀውን ሐውልት ልብ ብላችሁ እዩት፤ እንደዚያ አሳምሮ የሣለው ሰው የጥንቱን ጥበብ ይጠላ ነበር ብዬ ለማመን ይከብደኛል።

ጣዖት አምልኮን የከለከለው ቆስጠንጢኖስ ነው?

አይደለም። በ313 እሱ ያደረገው የሚላኑ ስምምነት ለሁሉም የእምነት ነፃነት ነው የሰጠው። መሥዋዕትንና ቤተ ጣዖትን በ391 እና በ392 በሕግ የዘጋው ከእሱ በኋላ የነገሠው ቴዎዶስዮስ ነው። ሌላም ልጨምር፦ ግድግዳው ላይ ጳጳስ ሲልቬስትሮስ ቆስጠንጢኖስን ሮም ውስጥ ሲያጠምቁት ይታያል። እሱ የተጠመቀው ግን በ337፣ ሊሞት ሲል፣ በዛሬዋ ቱርክ፣ ኒቆሜድያ አጠገብ ነው።

ቀለሙ እንዴት አይረግፍም?

የጣሪያው ሥዕል ፍሬስኮ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ፍሬስኮ እርጥብ የኖራ ልስን ላይ ነው የሚሣለው። ኖራው ሲደርቅ ቀለሙን ይዞት ይጠነክራል። ስለዚህ ሠዓሊው በቀን የሚጨርሰውን ያህል ብቻ ያስለስናል።

በዚያ ዘመን ሮም ውስጥ ሐበሻ ነበር?

ነበር እንጂ! ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ያለው ቅዱስ እስጢፋኖስ የሐበሾች ገዳም ነበር። አባ ተስፋ ጽዮን የግእዙን አዲስ ኪዳን በ1548 እና በ1549 ሮም ውስጥ አሳትመዋል።

በቅርቡ ልሄድ ነው፤ የት ልቁም?

መሀል ላይ ቁም። ሰው ይገፋል፤ ታገሥና ቀና በል። በሥዕሉ ውስጥ ያለው አዳራሽ ጥልቀት ደህና አድርጎ የሚታየው ከዚያ ነው።